የሃያ ስምንት ቀን እህቶች

ትርሲት ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሥታ ጥርሷን ስትቦርሽ፣ ዛሬ ላለማልቀስ የምትታገልበት አምስተኛው የመበተኛ ቀን መሆኑን አሰበች። አራቱን ተወጥታዋለች። የመጀመሪያው እንኳ ሳይታሰብ የመጣ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ያሉት ሦስቱ ግን ምላስ በመንከስና ጫማ ውስጥ ጠጠር በመክተት የተገኙ ናቸው። የዛሬዋም ጠጠር የመስኮቱ ደፍ ላይ፣ ከጠብታዎቹ አጠገብ ተቀምጣለች።

ጠብታዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ለዓይን፣ አንዱ ለጆሮ። በየማለዳው ጠብ ጠብ ማድረግ የቤቱ ደንብ ነው። ቤቱ ሺራካባ ቤት ይባላል፤ ከቶኪዮ የአይዶል ቤቶች ትልቁ ባይሆንም ጥብቁ ነው። አይዶል ማለት እንግዲህ ዘፍና፣ ጨፍራ፣ ፈገግ ብላ እንጀራዋን የምትበላ ልጅ ናት። ድሮ፣ በአያቶቻቸው ጊዜ፣ አይዶል ብርቅ ነበረች። አንድ ቡድን ገብታ ዓመታት ትቆያለች፤ አልፎ አልፎ ለጨዋታ ያህል ከሌላ ቡድን ልጆች ጋር ይቀላቅሏትና ለአንድ ዘፈን ብቻ ጊዜያዊ ቡድን ይሠራሉ፤ ከዚያ ሁሉም ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ተመልካቹ ግን ከቋሚው ይልቅ ጊዜያዊውን ወደደ። ከጊዜያዊውም ይበልጥ ሲበተን ማየቱን ወደደ። አሁን ቋሚ ቡድን የሚባል ነገር ቀርቷል፤ ስልሳ ሺህ አይዶል በየሃያ ስምንት ቀኑ ይበወዛል።

ሃያ ስምንት ቀን አንድ ቤት ታድራላችሁ፣ ከአንድ ድስት ትበላላችሁ፣ እህትማማች ትባላላችሁ። ድንቄም እህትማማች። በሃያ ስምንተኛው ቀን የመበተኛ ኮንሰርት ይደረጋል፤ ከመድረኩ በላይ ሰሌዳ አለ፣ ከመቶ ስንት ተመልካች እንዳለቀሰ ይቆጥራል። ሰማንያ ከሞላ ቡድኑ በስሏል ይባልና ይበተናል። ከዚያ ወዲያ የእነዚያ ልጆች ስም ጠብታው ውስጥ ይገባል፤ ጠብታውን እስካደረግሽ ድረስ መንገድ ላይ ብታገኚያቸው ፊታቸው ይደበዝዝብሻል፣ ድምፃቸው አይሰማሽም። የጻፉልሽ ደብዳቤ እንኳ ባዶ ወረቀት ሆኖ ነው የሚታይሽ። አለበለዚያ፣ ይላሉ የቤቱ ሰዎች፣ መለያየቱ ለይስሙላ ይሆንና ተመልካቹ እንደተታለለ ይሰማዋል።

ሰማንያ ካልሞላ ግን ቡድኑ አልበሰለም ተብሎ ሌላ ሃያ ስምንት ቀን ይጨመርለታል። ትርሲት በሰባት ዓመት ውስጥ ሰማንያ ሁለት ጊዜ ተበውዛለች። ሳይበስል የቀረ ቡድን ሲገጥማት ይህ የመጀመሪያው ነው።

ስልኳ ጮኸ። እናቷ ወይዘሮ ይመናሹ ናቸው። ከቶኪዮ ወዲያኛው ጫፍ፣ ሐበሻ በሚበዛበት ዮጹጊ ሰፈር፣ ሽማግሌዎች በሚጦሩበት ቤት ይሠራሉ። ፈረቃ ሳይገቡ በፊት ሳይደውሉ አይውሉም።

«ዛሬ ነው አይደል ያ ጉዳችሁ?» አሉ።

«ዛሬ ነው፣ እማ።»

«እንግዲህ እንደ ካርታ ሊበውዟችሁ። የሰው ልጅ ይበወዛል? እኔ እዚህ የዘጠና ዓመት አሮጊት ሳጥብ ስሟን ረስታ የልጅነት ጓደኛዋን ስም ትጠራለች። እናንተ በሃያ አራት ዓመታችሁ ማንን ልትጠሩ ነው?» ደግሞ ቀጠሉ፤ «ለመሆኑ ያቺ ናና ምን በላት? እዚህ እኔ ቤት መጥታ ምስር ወጥ እየበላች በእንባዋ የታጠበችው። በርበሬው ነው ብላ።»

«አላውቅም። የመጀመሪያው ቡድኔ ልጅ ናት፤ ባገኛትም አላውቃትም።»

«እኔ ባገኛት አውቃታለሁ» አሉ ወይዘሮ ይመናሹ፤ ቁጣቸው ደግሞ መለስ አለ። «ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። እነዚህ ሰዎች ልባችሁን ትተው እንባውን ብቻ ነው የሚፈልጉት። በይ ሂጂ፣ ትዘገያለሽ።»

ትርሲት ጠብታዋን አድርጋ፣ ጠጠሯን ኪሷ ከትታ ወጣች። ማዕዘኑ ላይ ያለው ሱቅ ገብታ እንደ ወትሮዋ አንድ የሩዝ ጥቅልል አነሣች። የሱቁ ሻጭ ደብዛዛ ናት። ከሰማንያ ሁለቱ ቡድን የአንዱ ልጅ ነበረች ማለት ነው፤ የትኛዋ እንደሆነች ግን መለየት አይቻልም። ሥራውን ትታ ሱቅ የገባች መሆን አለባት፤ እንዲህ ያሉት ጠብታ ስለማያደርጉ እነሱ ያዩሻል፣ አንቺ አታያቸውም። ይህቺ ሻጭ ሦስት ዓመት ሙሉ የትርሲትን ጥቅልል ሳትጠየቅ አሙቃ ነው የምትሰጣት። ከፊቷ ላይ ካለው ጭጋግ ሥር አፏ የሚንቀሳቀስ ይመስላል፤ የሁሉም ሻጭ «እንኳን ደህና መጡ» መሆኑ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል። ትርሲት አመሰግናለሁ ብላ ጎንበስ አለችና ወጣች።

እንግዲህ የዚህን ቡድን ነገር ልንገራችሁ። አራት ናቸው፤ ትርሲት፣ ሚዙኪ፣ ሪንና አካኔ። ሲበወዙ ከሌላው ጊዜ የተለየ ነገር አልነበረም። ነገር ግን በመጀመሪያው የመበተኛ ቀን አካኔ ትኩሳት ይዟት መድረክ ላይ አስታወከች፤ ተመልካቹም ማልቀሱን ትቶ አፍንጫውን ያዘ። ሰሌዳው ስልሳ አንድ ላይ ቆመ። አልበሰላችሁም ተባሉ። በማግስቱ ማለዳ አራቱም ኩሽና ውስጥ የተሰረቀ ነገር እጃቸው ላይ የተገኘ ያህል ተፋጠው ቆሙ። ከዚያ ሚዙኪ መንደሪን ላጠች።

ይህቺ ሚዙኪ የምትባለው ልጅ የኒጋታ ልጅ ናት፣ የዓሣ አጥማጅ ልጅ። የመንደሪን ልጣጭ ሳትበጥስ አንድ ወጥ አድርጋ ትገፋለች፤ ሲበጠስባት ትበሳጫለች። ሃያ ስምንት ቀን ሙሉ ትርሲት ይህን አላየችውም፤ ለምን ትየው፣ ነገ ለሚደበዝዝ ፊት ማን ልብ ይሰጣል? በሃያ ዘጠነኛው ቀን ግን አየችው። ሚዙኪ ግማሹን መንደሪን አቀበለቻትና «ካሜራ አለ፣ እንዳትስቂ» አለቻት በሹክሹክታ። ሁሉም ነገር የጀመረው ከዚያ ነው።

ካሜራ የሌለበት ክፍል የለም፤ ኑሯቸው ቀን ከሌት ይታያል። እናም አብረው ለመቆየት፣ ተመልካቹ እንዳያለቅስ፣ እርስ በርስ እንዳይዋደዱ ሆነው መታየት ነበረባቸው። ሚዙኪ መንደሪኑን ግማሽ በልታ የቀረውን የረሳች መስላ ማቀዝቀዣው ላይ ትተወዋለች፤ ትርሲት «ማነው ይህን የሚያዝረከርክ» እያለች ታጉረመርምና ትበላዋለች። ሪንና አካኔ በፎጣ ይጣላሉ። ትርሲት ለሚዙኪ አንድ የአማርኛ ስድብ አስተማረቻት፤ «ዓይንሽን ላፈር»። ከመተኛታቸው በፊት ፊታቸውን አኮሳትረው ዓይንሽን ላፈር ይባባላሉ። ተመልካች ትርጉሙን አንብቦ ይደነግጣል። እነሱ ብርድ ልብሳቸውን ተከናንበው በሳቅ ይንፈራፈራሉ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ።

ጠጠሮቹንም ያመጣቻቸው ሚዙኪ ናት፤ ከአባቷ ጀልባ ማሠሪያ አጠገብ የለቀመቻቸው፣ አራት፣ ጥቁር፣ አንድ ነጭ መስመር ያለባቸው። የመበተኛው ቀን ሲደርስ ተረከዛቸው ሥር ይከቷቸዋል። እግር ሲያምም ልብ ይረሳል።

እንዲህ እያሉ አምስተኛው ደረሰ። ዮኮሃማ፣ ባሕሩ አጠገብ ያለ አዳራሽ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። አሥራ ሁለት ሺህ ሰው የብርሃን በትሩን ይዞ ቁጭ ብሏል። እያንዳንዷ አይዶል ቀለም አላት፤ የትርሲት የእርድ ቀለም ነው፣ የሚዙኪ ውኃ ሰማያዊ፣ የሪን ቀይ፣ የአካኔ ነጭ። ተመልካቹ ለወደዳት ልጅ ቀለሟን ያበራል፤ ሲበተኑ ቀለሞቹ አንድ በአንድ ይጠፋሉ።

ከመድረኩ ጀርባ ሥራ አስኪያጃቸው ኩሮዳ-ሳን ቆሟል። ይህ ሰው ተቆጥቶ አያውቅም። የአሥራ ስድስት ዓመቷን ልጅ ሳይቀር «እርስዎ» እያለ፣ ስሟም ላይ የክብር «ሳን» እየጨመረ ነው የሚያናግራት። «እንደ አቅምዎ ይሥሩ፣ ትርሲት-ሳን» አላት፣ ከወገቡ ዝቅ ብሎ። ትርሲትም ዝቅ አለች። ተረከዟ ሥር ጠጠሯ ቦታዋን ይዛለች።

ዘፈኑ ተዘፈነ። አራቱም እንደ ደረቅ እንጨት ሆነው ዘፈኑ። ሰሌዳው ሠላሳ አለ፣ አርባ አለ፣ አርባ አራት ላይ ሲደርስ ቆመ። ትርሲት በልቧ ሌላ ሃያ ስምንት ቀን መቁጠር ጀመረች፤ መንደሪኑ ወቅቱ ያልፋል፣ በምትኩ ኮክ ይመጣል። የቀረው የመጨረሻው ዘፈን ብቻ ነበር። እዚያ ውስጥ ሚዙኪ ብቻዋን የምትዘፍናቸው ሁለት ስንኞች አሉ።

*ዝናቡ አባርቷል፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቷል፤*
*ያዋስሽኝን ጃንጥላ ግን አልመልስልሽም።*

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። አይዶሎች «መሸፈን» የሚሉት ነገር አለ። ቡድን በየወሩ ስለሚበወዝ ስንኝ የሚጠፋባት አትታጣም። ሲጠፋባት አጠገቧ ያለችው ልጅ ሁለት ጣቶቿን ከትከሻ አጥንቷ ዝቅ አድርጋ ጀርባዋን ትጫናለች። «ያዝኩልሽ» ማለት ነው። የተነካችው ዝም ትላለች፣ ትተነፍሳለች፤ የነካቻት ያንን አንድ ስንኝ ትዘፍንላታለች፤ ከዚያ ባለቤቷ ከሚቀጥለው ስንኝ ላይ ትገባለች። የትኛዋም ብትሆን፣ ከማንም ጋር ብትበወዝ፣ ይህን መጀመሪያ ሳምንት ላይ ትማረዋለች፤ ከዚያ እጇ ሳያስጠይቃት ይሠራዋል። ደግሞም የተሸፈነች ልጅ አትወቀስም። የተሸፈነ ስሕተት ስሕተት አይደለም፤ ከመድረክ ወርዶ የሚያነሣው ሰው ነውረኛ ነው።

ሚዙኪ አፏን ከፈተች፣ ድምፅ ግን አልወጣም። ጆሮዋ ውስጥ ያለውን ማዳመጫ ነካ አደረገች፤ ዓይኗ ፈጠጠ። ትርሲት ማሰብ ሳትጀምር እጇ ደርሷል። ሁለት ጣት፣ ከትከሻ አጥንት ዝቅ ብሎ። *ዝናቡ አባርቷል* ብላ ዘፈነች፣ በአማረ ድምፅ፣ ጠጠሯንም ምኑንም ረስታ። ሚዙኪ ተነፈሰች። በሚቀጥለው ስንኝ ስትገባ እንባዋ አገጯ ደርሶ ነበር። አልመልስልሽም ስትል ድምፅዋ ተሰበረ፤ የትርሲት እጅ አሁንም ጀርባዋ ላይ ነው።

አዳራሹ ከመቀመጫው ተነሣ። አራት ወር ሙሉ ዓይንሽን ላፈር ሲባባሉ ያየ ሰው ሁሉ፣ አሁን ያችን እጅ አየ። ሰሌዳው ስልሳ፣ ሰባ ሁለት፣ ሰማንያ ስድስት እያለ ዘጠና ስምንት ላይ ቆመ። ቀዩ ጠፋ፣ ነጩ ጠፋ፣ እርዱ ጠፋ፣ በመጨረሻ ውኃ ሰማያዊው ጠፋ።

ኩሮዳ-ሳን ትርሲትን ቢሮው ጠራት፤ የቡድኑ አለቃ እሷ ናት። ሻይ ቀረበላት።

«ዘጠና ስምንት» አለ። «በቤታችን ታሪክ ታይቶ አይታወቅም። ከልብ አመሰግንዎታለሁ።»

«በስሕተት ነው የመጣው» አለች ትርሲት። «ሚዙኪ ስንኙ ጠፋባት።»

«አልጠፋባቸውም። ማዳመጫቸውን እኛ ነን የዘጋነው፣ ለአሥራ አንድ ሰከንድ። ምት ሲጠፋቸው እንደሚቆሙ እናውቃለን፤ እርስዎ እንደሚሸፍኑም እናውቃለን። በሰማንያ ሁለት ቡድን ውስጥ ሳይሸፍኑ ያለፉት አንድም የለም።» ሻይዋን ወደ እሷ ገፋ አደረገ። «ይቅርታ፣ የሚያስደስትዎ መስሎኝ ነው የነገርኩዎ። ውሉ ላይ አለ።»

«እንደምንዋደድ ያውቁ ነበር?»

«ከሁለተኛው ወር ጀምሮ። የታየ ፍቅር ሰማንያ ያስለቅሳል፤ የተደበቀ ፍቅር ነው ዘጠና የሚያልፍ። ተመልካቹም ያውቅ ነበር። እንባውን ይዞ የቆየው እንዲበስል ነው። መንደሪኑን የሚከታተል ማኅበር ሁሉ አለ። ከእናንተ ከአራታችሁ በቀር ያላወቀ ሰው የለም።»

ትርሲት ሻዩን ፊቱ ላይ ልትደፋው ፈለገች፤ ጣቶቿ ኩባያውን ጨብጠውታል። አራት ወር በምስጢር የበላችው መንደሪን ሁሉ መረራት። ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ያ ሁሉ አፉን ይዞ የሚነፋረቅ ሕዝብ፣ ፍየል ገዝቶ እስኪሰባ እንደሚጠብቅ ሰው ቁጭ ብሎ ሲጠብቃቸው ነው የከረመው። እጇን ደግሞ፣ ሰው ሲወድቅ ሳይጠየቅ የሚደግፈውን እጇን፣ ቢላ አድርገው ተጠቀሙበት። ይህን ሁሉ ልትነግረው አፏን ስትከፍት ወገቧ በራሱ ጊዜ ጎንበስ አለ። ሰባት ዓመት ሲሠለጥን የኖረ ወገብ ነው፤ አለቃ ሲያመሰግን ይታጠፋል። ከኩሮዳ-ሳን ይልቅ ያን ወገቧን ጠላችው።

ቀና ስትል አንድ ነገር ብቻ ፈለገች። ሚዙኪ ጥፋቱ የኔ ነው እያለች ይሆናል፤ አለመሆኑን ልትነግራት።

የስንብቱ ክፍል ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ነበር። ሮጠች። ክፍሉ ውስጥ ሦስት ካሜራ፣ አንዲት ነጭ የለበሰች ሴት፣ የአራቱ ስም የገባበት አዲስ ጠብታም አለ። ሚዙኪ ወንበር ላይ ተቀምጣ አንገቷን ወደ ኋላ አዘንብላለች፤ የዓይኗ ተደርጎላት የጆሮዋ እየተደረገ ነው። ቀና አለችና ወደ በሩ ዞረች። ዓይኗ ትርሲት ላይ አረፈና እንደማያውቅ ሰው ዓይን ተንሸራተተ።

«ትርሲት ከሆንሽ» አለች ሚዙኪ ወደ ደብዛዛው ነገር፣ «ይቅር በይኝ። እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ስንኜ ጠፋብኝ።»

«አልጠፋብሽም። ዘግተውብሽ ነው። ሚዙኪ፣ ዘግተውብሽ ነው።»

ሚዙኪ የምትሰማ አልሆነችም። ዝቅ ብላ እጅ ነሣችና በሌላው በር ወጣች። ነጭ የለበሰችው ሴት ለትርሲት ወንበሩን አሳየቻት፤ «እባክዎ አንገትዎን ያዘንብሉ።»

በማግስቱ ጠዋት ኩሽናው ውስጥ ሦስት የማታውቃቸው ልጆች ነበሩ። አንዷ «እህትማማች ነን፣ እንበርታ» አለች ፈገግ ብላ፤ ድካሟ ከዓይኗ ሥር ይታያል። ማቀዝቀዣው ላይ ምንም የለም። ትርሲት መታጠቢያ ቤት ገብታ ሁለቱን ጠብታዎች ከደፉ ላይ አነሣችና ከፍታ ገንዳው ውስጥ ደፋቻቸው፤ ውኃ ለቀቀችባቸው። ንዴት ሲበዛ እጅ ይረጋል።

ስትወጣ የሕንፃው በር ተከፈተላት። «ጠብታ አላደረጉም» አለ በሩ በለሰለሰ ድምፅ። «ውልዎ ተቋርጧል፤ ክፍልዎ ለሌላ ተሰጥቷል። ስለ አገልግሎትዎ እናመሰግናለን።» ከኋላዋ ተዘጋ። የያዘችው ስልኳን፣ ኮቷንና ጠጠሯን ብቻ ነበር።

መንገዱ ላይ ሁለት ሴቶች አለፉ፤ ሁለቱንም አወቀቻቸው። አንዷ የሃያኛው ቡድን ልጅ ናት፣ ሽንኩርት ስትከትፍ የምታፏጭ። ትርሲት እጇን አነሣች። ልጅቱ እንደ ተማረችው ዓይኗን ወደ መሬት ሰብራ አለፈች። ለካ አሁን ደብዛዛዋ እሷ ናት።

ሱቁ ገባች። ሻጯ አጎንብሳ የሩዝ ጥቅልሉን ከማሞቂያው ውስጥ እያወጣች ነበር፤ ገና በሩ ሲከፈት ነው ማን እንደመጣ ያወቀችው። ቀና ሳትል መናገር ጀመረች፤ በየማለዳው የለመደችው ነገር እንደሆነ ያስታውቃል።

«መጣሽ፣ አንቺ ጅል። ትናንት አስለቀስሻቸው፤ አየሁሽ። እኔም አለቀስኩ፣ እግዜር ይይላችሁና። እናትሽ ግን ደህና ናት? ትናንት ምስር ገዝቼ ልሠራ ሞክሬ ነበር፤ ቤቱን በጭስ አጠንኩት እንጂ የእሷን አይመስልም።»

«እናቴ ደህና ናት» አለች ትርሲት። «አንቺን ትጠይቃለች፣ ናና።»

ጥቅልሉ ከናና እጅ ወደቀ። ፊቷ ሰባት ዓመት አርጅቷል፤ አገጯ ላይ ያለው ጠባሳ ግን ያው ነው። ስትናገር እንባ አልነበረም፣ ቁጣ ነበር።

«ሦስት ዓመት» አለች። «በየቀኑ። አባቴ የሞተ ዕለት ነግሬሻለሁ። ከባሌ ስፋታ ነግሬሻለሁ። አንቺ አመሰግናለሁ ትዪና ጎንበስ ብለሽ ትሄጃለሽ። አንድ ቀን ቆሜ ሰድቤሻለሁ፣ እናትሽን ሳይቀር ሰድቤብሻለሁ። እሱንም አመሰግናለሁ ብለሽኝ ሄድሽ።»

«ይቅር በይኝ።»

«አንቺን አይደለም» አለች ናና፤ ጥቅልሉን አንሥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «እኔ የተናደድኩት በአንቺ አይደለም። ብዪ፣ ሳይቀዘቅዝ።»

ትርሲት ቆማ እየበላች ሁሉንም ነገረቻት፤ ማዳመጫውን፣ አሥራ አንዱን ሰከንድ፣ ሚዙኪ ጥፋቱን ተሸክማ መሄዷን። ናና ሰዓቷን አየች። «ውኃ ሰማያዊዋ አይደለችም? አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ ትመጣለች። የገብስ ሻይ ነው የምትገዛው። ግን አትሰማሽም። እኔ ሞክሬዋለሁ፤ ጆሮ አይሰማም፣ ዓይን አያይም።»

«ጀርባስ?» አለች ትርሲት።

ናና ጠረጴዛውን ዞራ መጥታ ቦታዋን ለቀቀችላት።

አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ ሚዙኪ ገባች። ዓይኗ አብጧል። የገብስ ሻይዋን አንሥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ጠረጴዛው ወዲያ ያለውን ደብዛዛ ሰው እንደ ደንቡ አላየችውም። ትርሲት ጠጠሯን ከኪሷ አውጥታ የሻዩ ጠርሙስ ክዳን ላይ አስቀመጠቻት። ጥቁር፣ አንድ ነጭ መስመር ያለባት።

ሚዙኪ ጠጠሯን አየች። ቀና አላለችም። ትከሻዋ ግን ሲቆም ታየ።

ትርሲት ጠረጴዛውን ዞረች። ደብዛዛን ሰው ማናገርም መንካትም ክልክል ነው፤ የሱቁም ካሜራ ያያል። ይይ። ከኋላዋ ቆመችና ሁለት ጣቶቿን ከትከሻ አጥንቷ ዝቅ አድርጋ ተጫነች። ያዝኩልሽ። የተሸፈነች አትወቀስም። ከዚያ ለአንዲት የማትሰማ ልጅ፣ ለጥቅልልና ለሳሙና መደርደሪያ፣ ንዴቷን በጥርሷ ይዛ ዘፈነች።

*ዝናቡ አባርቷል፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቷል።*

ሚዙኪ አንዲቱም ቃል አልሰማችም። ፊቷ ወደ ጠጠሯ ነው፣ ከንፈሯ ግን ይቆጥራል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። የስንኙን ልክ ታውቀዋለች፤ የሸፈነቻት ልጅ ስንት ምት እንደምትወስድ፣ የት ላይ እንደምትተነፍስ ታውቀዋለች። ናና ከማሞቂያው አጠገብ ሆና ሁለቱንም ትሰማ ነበር። ትርሲት የመጨረሻውን ቃል ጨርሳ ጣቶቿን ስታነሣ፣ በዚያችው ቅጽበት፣ አንዲት ምት ሳትቀድም ሳትዘገይ፣ ሚዙኪ ቀና ብላ ገባች፤

*ያዋስሽኝን ጃንጥላ ግን አልመልስልሽም።*